የድሬስደኑ ኦፔራ ቤት የ1841 ህንጻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የጉዞ ገጽ ላይ ስለ ድሬስደን የወጣውን ጽሁፍ ቡናዬን ይዤ ነበር ያነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ጸሃፊው ከተማውን እንደወደደው ያስታውቃል። ግን የኦፔራ ቤቱ ፎቶ ስር «በ1841 ተሰርቶ እስከ ዛሬ የቆመ» የምትል መስመር አለች፣ ወረድ ስል ደግሞ «ቫግነር የቆመበት መድረክ» ይላል (ጀርመናዊውን የኦፔራ ደራሲ ማለቱ ነው)፣ እዚህ ጋ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ በደርግ ጊዜ ምስራቅ ጀርመን ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነኝ፣ ድሬስደን አራት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል ብዬ ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ በኛ እላለሁ።)

የ1841ዱ ቤት እኮ የለም! ጎትፍሪድ ዜምፐር የሚባለው አርክቴክት የሰራው እሱ ነው፣ እውነት ነው፣ ቫግነርም ኦፔራዎቹን፣ ሪየንሲን በ1842፣ በራሪውን ሆላንዳዊ በ1843፣ ታንሆይዘርን በ1845 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እዛ ቤት ውስጥ ነው። ግን መስከረም 1869 በጥገና ሰራተኞች ጥንቃቄ ጉድለት እሳት ተነስቶ ያ ቤት ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፣ ስለዚህ ቫግነር ዛሬ ባለው መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ሊቆምም አይችልም።

ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ ነው ለኔ የሚጥመኝ። ዜምፐር በ1849 ድሬስደን ውስጥ አመጽ ሲነሳ ከአመጸኞቹ ጋ ሆኖ ነበር፣ የንጉሱ አርክቴክት ሆኖ ሳለ የንጉሱን ጦር የሚመክት ባሪኬድ መንገድ ላይ ሰራ፣ አስቡት፣ ቫግነርም አብሮ ነበረበት፣ ሲሸነፉ ሁለቱም በየፊናቸው ፈረጠጡ፣ በመንግስት የሚፈለጉ ሰዎች ሆኑ። እና ቤቱ ሲቃጠል የከተማው ህዝብ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰው አንፈልግም፣ ዜምፐር ራሱ ይስራልን ብሎ ፊርማ አሰባስቦ ጠየቀ። ቤተ መንግስቱም ያን ሁሉ ውጦ ስራውን ሰጠው። ሰውየው ግን ያኔ ስራው ቪየና ነበር፣ እሱ ከዛ ፕላኑን እያወጣ ደብዳቤ ሲጽፍ ልጁ ማንፍሬድ ድሬስደን ሆኖ ግንባታውን መራ፣ በ1878 ተከፈተ። ያው ሁለተኛው ቤት ይሄ ነው፣ ሌላው የኦፔራ ደራሲ ሪቻርድ ሽትራውስ ሰሎሜን በ1905፣ ኤሌክትራን በ1909፣ የጽጌረዳውን ፈረሰኛ ደግሞ በ1911 መጀመሪያ ያሳየበት። ለመጨረሻው ህዝብ ከበርሊን በልዩ ባቡር ይመጣ ነበር። ከአስራ አምስት ኦፔራዎቹ ዘጠኙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት ድሬስደን ውስጥ ነው።

ይሄኛው ደግሞ የካቲት 13 ቀን 1945 ማታ በቦምብ ጋየ። ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ለአስርት ዓመታት እንደዛው ቆመ፣ የመልሶ ግንባታው የመሰረት ድንጋይ የተቀመጠው በ1977 ነው። እና ፎቶአችሁ ላይ ያለው ሶስተኛው ቤት የተከፈተው የካቲት 13 ቀን 1985፣ ልክ በወደመበት በአርባ ዓመቱ ነው፣ የታየውም የቬበር ደር ፍራይሹትስ፣ በ1944 ቤቱ በጦርነቱ ምክንያት ከመዘጋቱ በፊት መጨረሻ ላይ የታየው ኦፔራ።

ያን ቀን በኛ የካቲት 6 ቀን 1977 ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ዶርም ውስጥ በቴሌቪዥን ነው ያየነው፣ ቲኬትማ ለማን ደርሶ። ያን ሁሉ ወርቅና መብራት እያየን ከመሃላችን አንዱ ዛሬ ወሎ ውስጥ ስንት ሰው ሞተ ይሆን አለ፣ ከዛ ማንም ምንም አላለም። እስከ ዛሬ ስለዛ ቤት ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

በኋላ ግን ገባሁ፣ አንዴም አይደለም። ውስጡ ካያችሁት ብዙ ነገር ማስመሰል ነው፣ እብነበረድ የሚመስለው ጂፕሰም ነው፣ የኦክ እንጨት የሚመስለውም ቀለም የተቀባ ልስን። ይሄ የምስራቅ ጀርመን ቁጠባ አይደለም፣ ዜምፐርም እንደዛ ነበር ያሰራው፣ በሰማኒያዎቹ የነበሩት ባለሙያዎች ደግሞ የተረሳውን ሙያ እንደገና መማር ነበረባቸው፣ እውነተኛ እብነበረድ መለጠፍ ሳይቀል አይቀርም ነበር። ከመድረኩ በላይ ያለችው ሰዓትም በየአምስት ደቂቃው ቁጥሯ ነው የሚቀያየረው፣ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ የላትም፣ ሀሳቡ ከመጀመሪያው ከ1841ዱ ቤት የመጣ ነው፣ የአሁኗ ግን እንደገና የተሰራች ናት። የህንጻውን መልክ ብዙ ጀርመኖች የሚያውቁት ከራደበርገር ቢራ ማስታወቂያ ነው፣ ቢራ ፋብሪካ የሚመስላቸው አሉ ሲባል እኔም ስቄያለሁ፣ ስለዚህ የእናንተ ስህተት ከዛ አይከፋም።

እንዲያውም የምር አሮጌ ነገር ከፈለጋችሁ ኦርኬስትራውን ጻፉ። ሽታትስካፔለ የተቋቋመው በ1548 ነው፣ እሳቱም ቦምቡም በ2002 ኤልበ ወንዝ ሞልቶ ቤቱን ያጥለቀለቀው ጎርፍም አልበተነውም፣ ቤት ሲያጣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጫወታል። ከባዱ የደረሰበት ከውጪ ሳይሆን ከውስጥ ነው፣ በ1933 ናዚዎች ፍሪትስ ቡሽ የሚባለውን የሙዚቃ ዳይሬክተር በጩኸት ከመድረክ አስወርደው አባረሩት፣ ያኔ ህንጻው ምንም አልሆነም ነበር።

እርማቷን ከቻላችሁ በሚቀጥለው እትም አንድ መስመር አድርጓት፣ «1841» የሚለውን «1985» ብላችሁ። ፎቶው ቆንጆ ነው፣ እሱን አትቀይሩት።

አንድ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ