ለደንበኞቻችን፦ ማምረት ስለቆመባቸው የመኪና መለዋወጫዎች

ውድ ደንበኞቻችን፣

ያዘዛችሁት ዕቃ ለምን እንደሚዘገይና ስታዝዙን ለምን «የወጣውን ዕቃ ይዛችሁ ኑ» እንደምንላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አሠራራችንን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደናል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ልመና አለን፤ ከመኪናችሁ ላይ የወጣውን ዕቃ፣ ተሰብሮም ቢሆን፣ ለቆራሌው አትስጡብን።

ሶማሌ ተራን ዞራችሁ «ይሄማ ፋብሪካው ማምረት አቁሟል» የተባላችሁት ዕቃ ሁሉ በእርግጥ ጠፍቷል ማለት አይደለም። አምራቾች አንድን ዕቃ ጥቂት ሲያሻሽሉት መለያ ቁጥሩንም ይቀይሩታል። የቀድሞው ቁጥር ይዘጋል፣ ዕቃው ግን በአዲስ ቁጥር መመረቱን ይቀጥላል። አሮጌውን ቁጥር ብቻ የፈለገ ሻጭ «የለም» ይላችኋል። ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያ ሥራ የቁጥሩን የዘር ሐረግ መከታተል ነው። ለምሳሌ የቶዮታ ቁጥር በተለምዶ 10 አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ 5 የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 31250 የፍሪሲዮን ዲስክ፣ 16100 የውሃ ፓምፕ ነው። ቀሪዎቹ 5 ደግሞ ለየትኛው መኪና ወይም ሞተር እንደተሠራ ይለያሉ። እዚህ ላይ የዲኤክስ ኮሮላ ባለቤቶች ዕድለኞች ናችሁ። የእናንተ 4ኬ ሞተር ወንድም የሆነው 5ኬ ፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ ተሽከርካሪ) ላይ ሳይቀር ስለተገጠመ፣ «ለኮሮላ» ተብሎ ሲጠየቅ የታጣ የሞተር ዕቃ «ለፎርክሊፍት» ተብሎ ሲጠየቅ ይገኛል።

ቮልስ ግን የተለየ ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በዚህ ብዛቱ ምክንያት የሞተር ዕቃው እስካሁን ይሠራለታል። ችግሩ መኪናው ከውጭ ሲያዩት ያው ይምሰል እንጂ ውስጡ ሲለዋወጥ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብቻ ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሻገረ፣ ጎማው የሚታሰርባቸው ብሎኖች ከ5 ወደ 4 ወረዱ፣ የፊት እግሩም አሠራር ተቀየረ። በዚያ ላይ ፋብሪካው የሞዴል ዓመትን የሚጀምረው ከኦገስት ነበርና በ1967 መጨረሻ ላይ የተሠራ መኪና በፋብሪካው አቆጣጠር የ1968 ነው። «የ67 ቮልስ» ብላችሁ ያዘዛችሁት የፍሬን ታምቡር መጥቶ ብሎኑ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሊብሬው ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን እንመርጣለን። የኋላ መቀመጫውን አንሱ፤ በመኪናው መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። በ118 ከጀመረ የ1968 ሞዴል ነው፤ ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ይነግረናል። ሞተሩ በዕድሜው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከዲናሞው ማስቀመጫ ሥር ያለውንም ቁጥር ለብቻው ፎቶ አንሱልን።

አሮጌውን ዕቃ የምንፈልገው ለመለኪያ ብቻ አይደለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶርን እንውሰድ። ቮልሳችሁ ሚኒሞ አልይዝ ካለ፣ መብራት ላይ ስትቆሙ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቤንዚን ስትረግጡ የምትዞረው ቀጭን ዘንግ የምታልፍበት ቀዳዳ መስፋቱ ነው። ዘንጓን በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቋት፤ ከተንቀጠቀጠች በጎኗ አየር እየገባ ነው። ቶርኖ ቤት ቀዳዳው ተስተካክሎ የነሐስ ቡሺንግ (ዘንጓን የሚይዝ ቀለበት) ሲገባበት የድሮው ሶሌክስ ካርቡራቶር እንደገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ መንገድ የታደሰ ኦርጅናል በገበያ ካለው ርካሽ አዲስ ኮፒ እጅግ ይበልጣል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ ተመጥኖ የመጣ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። በታደሰው ላይ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ ለከተማችን እንመጥነዋለን።

ከጎማ በተሠሩ ዕቃዎች ግን ፍርዳችን ተቃራኒ ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ለአሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኦርጅናል የፍሬን ቱቦ ወይም ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዝ የጎማ ዕቃ) ስታገኙ ደስ ሊላችሁ ይችላል። እባካችሁ አትግዙት። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቱቦው ውስጡ አብጦ ከጠበበ ደግሞ ፍሬኑን ስትለቁ ዘይቱ አይመለስም፣ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ለዚህ ቦታ በቅርብ የተመረተ ጥሩ ኮፒ ይሻላል። በፍሬንና በመሪ በኩል ያገለገለ ዕቃ አንሸጥም፣ የተሰነጠቀም በብየዳ አናስጠግንም። «ለጊዜው ብቻ» ብላችሁ ብትለምኑንም መልሳችን እንቢ ነው። በዚያ መኪና የሚሳፈሩት ልጆቻችሁ ናቸውና አትቀየሙን።

ስለ ዋጋ፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ የምንነግራችሁ ዋጋ የሚጸናው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ የሚፈልገው ሰው በዝቷል፤ ወረፋውም የረዘመው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀብድ የምንቀበለው ዕቃው መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ነው። ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር ቀብዳችሁን ሙሉውን እንመልሳለን።

ስታዝዙን የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንኛውንም ቁጥር፣ ከተቻለም ዕቃውን ራሱን ላኩልን። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአውቶቡስ መላክ ትችላላችሁ፤ ተቀብለን ለክተን ስንጨርስ እንደውላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ክፍል ሠራተኞች