ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለማይወስዱ ልጆቻችንም በር ይከፈት

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶች በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች የሁለት ዓመት የሰርተፍኬት ፕሮግራም እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። የማስተምረው በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባለች ልዩ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ከዳውን ሲንድረም፣ ከኦቲዝም ወይም ከሌላ ምክንያት ጋር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹን ልጆች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጢም አብቅለዋል።

ደብዳቤ ሲረዝም መሃሉ ሳይነበብ እንደሚቀር ስለማውቅ ጥያቄዬን አስቀድማለሁ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይጠይቅ በዓመት ዐሥር ተማሪ ይቀበል። ሁለት ዓመት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ያስተምራቸው። ሲጨርሱ የሰርተፍኬት ወረቀት ይስጣቸው። ዲግሪ ይሰጣቸው አላልኩም።

ይህን ሳወራ ሰው ፈገግ ይላል። «ጤነኛው መች ገባና?» ይለኛል። እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ አገር ደነገጠ። እናንተም ዝም ብላችሁ አልተቀመጣችሁም፤ ሪሚዲያል የሚባል መላ አመጣችሁ። ግማሽ ያላመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለጥቂት ወራት ተምሮ እንደገና እንዲሞክር አደረጋችሁ። በወቅቱ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። የመግቢያ ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናንተ ጻፋችሁት፤ ሲያስፈልግ ደግሞ አሻሻላችሁት።

ልዩ ክፍል ውስጥ ምን እንደምናስተምር ብዙ ሰው አያውቅም። ፊት መታጠብ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ስም መጻፍ፣ ሰዓት ማየት እናስተምራለን። ከሁሉም የሚከብደው ገንዘብ መለየት ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ብርን የሚለዩት በቁጥሩ ሳይሆን በቀለሙ ነው። በ2013 መስከረም ላይ ብር ሲቀየር ምን እንደገጠመን ልንገራችሁ። የድሮው መቶ ብር አረንጓዴ ነበር። አዲሱ ዐሥር ብር ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ልጁ ዐሥር ብር ይዞ ሱቅ ይሄዳል፤ የያዘው መቶ ይመስለዋል። ባለ ሱቁ ይቆጣዋል። ልጁ ያለቅሳል። በዚያ ላይ ሁለት መቶ ብር የሚባል አዲስ ኖት መጣ። እንደ ገና ከዜሮ ጀመርን። ካርቶን ቆርጠን ቀለም ቀብተን፣ ክፍል ውስጥ የውሸት ሱቅ ከፍተን አስተማርን። ጊዜ ፈጀ። ዛሬ ግን ይለያሉ፤ ከእነሱ አንዱ መልስ ቆጥሮ ይቀበላል። ጊዜ ከተሰጣቸው መማር ይችሉ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከልዩ ክፍል ቀጥሎ ምንም የለም። ስለዚህ እዚያው ይቀመጣሉ። የሃያ ዓመት ወጣት የስምንት ዓመት ልጅ በሚቀመጥበት ዴስክ ጉልበቱን አጥፎ ይውላል። ወይ ይሰለችና ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ደግሞ ያገኘውን ነገር ቀስ በቀስ ይረሳል። መጀመሪያ ሰዓት ማየቱን፣ ቀጥሎ ስሙን መጻፉን።

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ዳውን ሲንድረም አለባት። ቡና አፍልታ ሰው ታስተናግዳለች፤ ስኒ ስትደረድር ከእኔ ትሻላለች። ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው በሶውን ከእናቷ ጋር ያዘጋጀችው እሷ ናት። ከዚያ የራሷን ብርድ ልብስ አጥፋ በር ላይ አስቀመጠች። እሷም የምትሄድ መስሏታል። እናቷ እኔ ዘንድ መጥታ «መምህር፣ ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔም ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

«ቴክኒክና ሙያ ይግቡ» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ሐሳብ ነበር። መግቢያው ግን ያው ውጤት ነው፤ መውጫው ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ሲኦሲ የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ ፈተናም አለው። እንጀራ አሳምሮ የሚጋግር ልጅ ስለ እንጀራ የተጻፈ ምርጫ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ቴክኒክና ሙያ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ዩኒቨርሲቲ የእናንተ ነው። የእኔ ልዩ ክፍል የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። ወላጅ ሲጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል። በመጨረሻ «ማኅበራዊ ጉዳይ ሞክሩ» ይባላል። ወጣቶቹ ባለቤት የሌላቸው ለዚህ ነው።

ነገሩ ሌላ አገር ያልተሞከረ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ተማሪዎች ይቀበላል። አየርላንድ ውስጥ የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ለእነሱ የሁለት ዓመት ሰርተፍኬት አለው። አሜሪካ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሌላቸው እንዲህ ያሉ ተማሪዎች የመንግሥት የትምህርት ድጎማ እንዲያገኙ ፈቀደች። ዛሬ እዚያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያላቸው ኮሌጆች ከ300 በላይ ናቸው። «እነሱማ ሀብታም ናቸው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ገንዘቡን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው የሚወደውን አንድ ወይም ሁለት ኮርስ መርጦ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር ይቀመጣል። መምህሩ የቤት ሥራውን በልኩ ያዘጋጅለታል። ሌሎቹ አምስት ገጽ ሲጽፉ እሱ በፎቶ ያሳያል ወይም በቃል ይናገራል። አንድ ተማሪ ጓደኛ ሆኖ ይመደብለታል። ክፍል አብሮ ይገባል፣ ካፌ አብሮ ይበላል፣ ሲጠፋው መንገድ ያሳየዋል። ከቀኑ ግማሹ የሥራ ልምምድ ነው። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መደርደር፣ ካፌ ማስተናገድ፣ ችግኝ ጣቢያ ውሃ ማጠጣት። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ የእርሻ ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ አለው። ችግኝ የሚወድ ልጅ እዚያ ቢውል ምን ይጎድላል? በየጊዜው ተማሪው፣ ቤተሰቡና አስተባባሪው ተቀምጠው «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ይባባላሉ። እቅዱ የሚወጣው ከእሱ መልስ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከግቢው ጥግ አንድ ክፍል ሰጥታችሁ «አካቶ ትምህርት ማዕከል» የሚል ታፔላ እንዳትሰቅሉበት። ለብቻ መቀመጥማ አሁንም አለን፤ እኔው ዘንድ። የምንፈልገው ከሌላው ወጣት ጋር መዋል ነው። ልጆቼ ከእኔ የማይማሩትን ነገር ከእኩዮቻቸው ይማራሉ። ሰልፍ መጠበቅ፣ መቀለድ፣ ሲናደዱ አለመጮህ፣ ስልክ ቁጥር መለዋወጥ። እኔ የፈለግሁትን ያህል ብደክም የሃያ ዓመት ጓደኛ ልሆናቸው አልችልም።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አገሩ የቅኔ አገር ነው። ዲማና ዋሸራ ስማቸው የገነነው በትምህርት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጣሪው፣ ዳዊት ደጋሚውና ቅኔ ቆጣሪው በየኔታ ዙሪያ ይውላሉ። ማንም ማንንም አይጠብቅም። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። የአእምሮ ውስንነት ላለበት ልጅም እንዲሁ ቦታ ነበረው ብዬ አልዋሽም። እሱ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ጠበል ነው፤ ጠበሉ ካልሆነ ጓዳ ነው። ግን በየደረጃው ሆኖ አብሮ መማር የሚባለውን ነገር አያቶቻችን ያውቁት ነበር።

በሕግ በኩል ብዙ አላደክማችሁም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን፣ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። የዚያ ስምምነት አንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን፣ የሙያ ሥልጠናንና የዕድሜ ልክ ትምህርትን በስም ጠርቶ ያለ አድልዎ ክፍት ይሁኑ ይላል። የአእምሮ ውስንነት ያለበት ይቅር የሚል ሐረግ የለውም። የእናንተው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ማስተር ፕላንም ዘመኑ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ቀጣዩ ሲጻፍ ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚናገረው ምዕራፍ ከዓይነ ስውራንና መስማት ከተሳናቸው ተማሪዎች ጎን የእኔም ተማሪዎች ይጻፉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ለዐሥር ተማሪ የሚያስፈልገው አንድ አስተባባሪና አንድ ሁለት ረዳት ነው። ሕንፃው አለ። መምህሩ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስተምራል። ስለ ልጆቼ ዲግሪ ይሰጣል፤ ልጆቼ ግን በመደበኛው መንገድ መግቢያ የላቸውም። የዚያ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለልምምድ እኛ ዘንድ ለጥቂት ሳምንታት ይመጣሉ። ልጆቹ ስማቸውን ሲለምዱ ይሄዳሉ። ልምምዳቸውን እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ቢያደርጉት ጓደኛ ሆኖ የሚመደበው ተማሪ በነፃ ተገኘ ማለት ነው። የሳይኮሎጂና የሶሻል ወርክ ተማሪዎችም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ተማሪዎች ከዚያው ከተማ ይሁኑ፤ ከቤታቸው እየተመላለሱ ይማሩ። ማደሪያው ቆይቶ ይደርሳል። የሞጣና የቢቸና ወላጅ በዚህ ቅር እንደሚለው ይገባኛል። ግን ከየትም ሳይጀመር ከሚቀር ከአንድ ቦታ ይጀመር።

እናቶች ከገንዘብ በላይ የሚፈሩት ሌላ ነገር አለ። ሴት ልጃቸውን። «ትላልቅ ወንዶች ባሉበት ግቢ እንዴት እልካታለሁ?» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። አቤት ለማለት የሚቸገር ሰው ቀላል ዒላማ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲጻፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጥበቃ ደንቡ ይቀመጥ። ማን አብሯት ይውላል? ለማን ትናገራለች? ስትናገር ማን ያምናታል? ይህ ካልተመለሰ እኔ ራሴ ወላጆችን ላኩ አልልም።

«አሁን ጊዜው ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ የእኔ ተማሪዎች ከሌላው የበለጠ ይጎዳሉ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ የለመደው ነገር ሁሉ ነገሩ ነው። ጠዋት በዚህ መንገድ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ በር። ያ ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ለልጁ ማስረዳት አይቻልም፤ ራሱን ይመታል። አዲስ አበባ ያለ ወላጅ ቢያንስ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናግረው የመሠረቱት የኒያ ፋውንዴሽን የጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለው። ከዚህ ግን ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰላም እስኪመጣ ክፍሉ ባይከፈት እንኳ ደንቡ ሊጻፍ ይችላል። ወረቀት ለመጻፍ መንገድ መከፈት የለበትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ወጣቶች ያለ 12ኛ ክፍል ውጤት በሰርተፍኬት ፕሮግራም መቀበል እንደሚችሉ የሚፈቅድ መመሪያ ይውጣ። አሁን አንድ ፕሬዚዳንት ልቡ ቢፈቅድ እንኳ የሚይዘው ወረቀት የለውም። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ አንዱ ለሙከራ ይመረጥ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለው ባሕር ዳር ይቅደም፤ የደብረ ማርቆስ ሰው ሆኜ ይህን ስል ጎረቤቶቼ ይቆጡኝ ይሆናል። እንጅባራ ሲደርስ ደግሞ አፋቸውን በአዊኛ የፈቱ ልጆች እንዳሉ አይረሳ። ለእነሱ አማርኛው ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

የወላጆች ስብሰባችን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በልዩ ክፍሏ። አንድ ባለሙያ ላኩልን። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን፤ ወላጆቹ ይዘውት የሚሄዱበት ቦታ ያውቃሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር
ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት