አባባ፣ እዚህ ከደብር የሚወጣው በፍርድ ቤት በኩል ነው

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው ስንደዋወል «ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያኑን እየሸጠ ነው ይላሉ፤ እምነቱን ጨርሶ ተወው?» ብለውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው በደብዳቤ የመጣሁት። እርስዎ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ የያዙ ሰው ነዎትና ከመዝገቡና ከገንዘቡ ልጀምር።

በጀርመን ካቶሊኮቹና ወንጌላውያኑ የአባልነት መዋጮአቸውን የሚከፍሉት በሙዳየ ምጽዋት አይደለም። አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይቆርጥና ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለቤተ ክርስቲያኑ ያስተላልፋል። አሥራት እንዳይመስልዎ። ስሌቱ በገቢው ላይ ሳይሆን በገቢ ግብሩ ላይ ነው፤ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በቀሩት ግዛቶች 9 በመቶ። በዓመት 6,000 ዩሮ የገቢ ግብር ያለበት ሰው በ9 በመቶው 540 ዩሮ፣ በወር 45 ዩሮ ይቆረጥበታል ማለት ነው።

መውጣት የፈለገ ለቄሱ አይናገርም። መታወቂያውን ይዞ በኖርድ ራይን ቬስትፋልያ ወደ አካባቢው ፍርድ ቤት፣ በባየርን ደግሞ ወደ ክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። በመጀመሪያው ግዛት 30 ዩሮ ከፍሎ ይፈርማል፣ ማስረጃ ይቀበላል፣ ቆረጣው ይቆማል። 14 ዓመት የሞላው ልጅም በራሱ መወሰን ይችላል። ማስረጃውን የጣለ ሰው ግን ከተማ ሲቀይር «መቼ ወጣህ? አሳይ» ሊባል ይችላልና ዕድሜ ልክ ማስቀመጥ ነው። ጥምቀቱ አይፋቅም። ሆኖም የካቶሊክ ጳጳሳቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ድንጋጌ የወጣ ሰው አይቆርብም፣ ክርስትና አባትም አይሆንም፤ ንስሐ ሳይገባ ከሞተ ፍትሐት ሊከለከል ይችላል።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከካቶሊኩ ብቻ 522,821፣ በ2023 ደግሞ 402,694 ሰው ወጥቷል። አንዱ ምክንያት ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙት ወሲባዊ ግፍ መጋለጡ ነው፤ በ2018 የወጣው ጥናት ከ1946 እስከ 2014 ድረስ 3,677 ተጎጂዎችን ቆጥሯል። ነገር ግን በብዛት የሚወጡት ከሃያዎቹ አጋማሽ እስከ ሠላሳዎቹ ያሉት፣ ደመወዝ መቀበል የጀመሩት ናቸው። ልጁ ከቆረበ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያቺን መስመር ሲያይ ነው አባል መሆኑ ትዝ የሚለው። እኔ እንደሚመስለኝ ግብሩ እምነት አያጠፋም፣ ቀድሞ የጠፋውን ያሳብቃል እንጂ።

ደግሞ የወጡት ብቻ ቢቆጠሩ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በ2023 ካቶሊኮቹ ያጠመቁት ወደ 131 ሺህ ሕፃን ሲሆን የቀበሩት 226 ሺህ ገደማ ሰው ነው። የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ትንበያ ሁለቱ ትልልቅ ቤተ ክርስቲያናት በ2017 የነበሯቸው 44.8 ሚሊዮን አባላት በ2060 ወደ 22.7 ሚሊዮን ይወርዳሉ። ከግማሽ የሚበልጠው ጉድለት የሚመጣው በሞት ብዛት ሳይሆን ልጅ ባለማስጠመቅና በመውጣት ነው።

ሕንፃው የሚሸጠው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ቢያንስም ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ይነዳል። በቢለፈልድ ከተማ የማርቲኒ ቤተ ክርስቲያን ምግብ ቤት ሆኗል። በሐምቡርግ የቀፍርናሆም ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ለግለሰብ ተሸጦ፣ ኋላ ሙስሊሞቹ ገዝተውት በ2018 መስጊድ ሆኖ ተከፍቷል።

የእኛ ሰዎች ከዚህ ነገር ጥቅምም ጉዳትም አላቸው። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ አጥቢያዎች በጀርመኖቹ ሕንፃ በእንግድነት ነው የሚቀድሱት። ባለቤቶቹ ጠዋት ከጨረሱ በኋላ ይገባል፣ አለዚያም ሳይጀምሩ በሌሊት ተቀድሶ ይወጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ስለሆነ ማህሌት በከበሮ ከተቆመ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ዕጣኑ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። አምስቱ ልኡካን ካልተሟሉ ቅዳሴ የለም፤ ዲያቆኑ የፈረቃ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ወዮላችሁ። ባለቤቶቹ ሁለት ሦስት አጥቢያ አጣምረው ሕንፃውን ሲዘጉ፣ ውሉ በቃል ብቻ የነበረ እንግዳ ታቦቱን ይዞ ሌላ ደጅ ይጠናል።

የመካነ ኢየሱስ ልጆች ለሆኑ ለጎረቤቶችዎ ቤተሰቦች አንድ ነገር ይንገሩልኝ። እዚህ ሲመጡ በነዋሪነት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሃይማኖት ይጠየቃል። «ወንጌላዊ» ብሎ የጻፈ ሰው የጀርመኑ ቤተ ክርስቲያን አባል ተብሎ ግብሩ ሊቆረጥበት ይችላል፤ ካቶሊክ ያለም እንደዚሁ። ስለዚህ ሳይፈርሙ ጠይቀው ይወቁ።

የእኛስ? በ1994 ቆጠራ (በእነርሱ አቆጣጠር) ኦርቶዶክስ 50.6 በመቶ ነበር፣ በ2007 ወደ 43.5 በመቶ ወርዷል። የኦርቶዶክሱ ሰው ብዛት ግን ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን አድጓል። ስለዚህ አንዱ «አነስን» ሲል ሌላው «በዛን» ቢል ሁለቱም አልዋሹም። ከእኛ የሚሄድ ሰው ፍርድ ቤት አይሄድም፣ አስተዋጽኦውን መክፈል ያቆማል፣ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ ይኖራል። የአባልነት ካርዱንም ቤተሰብ የሚፈልገው ቀብር የመጣ ዕለት ነው።

ጊዜ ካገኙ ከደብሩ መዛግብት የአሥር ዓመቱን በአራት ዓምድ ያውጡልኝ፦ የተጠመቁ፣ በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋቡ፣ ፍትሐት የተደረገላቸው፣ አስተዋጽኦ የከፈሉ። ከሌላ ደብር በመሸኛ የመጡትን ለብቻ ይያዙ፤ አለዚያ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ይቆጠራል። ውዝፍ በአንድ ጊዜ የከፈለውን በየዓመቱ ይመድቡት፤ በከፈለበት ዓመት ብቻ ከተጻፈ ያ ዓመት ያለ ልኩ ያብጣል። የሞቱትን ከዕድሩ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ፣ ያኛው የተሻለ ነው። መነጽርዎ ካላስነበበዎ ዲያቆኑ ያንብብልዎ፣ እርስዎ ይጻፉ።

ልጅዎ፣ ከኮሎኝ