ዝናቡ ያጥበዋል ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውሻችን ቡቺም ደህና ነው፤ ከኔ ይልቅ ለእናትሽ አድልቷል።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ምን አስለቀመህ? ክረምቱ መጥቶ ያጥበዋል» አልሽኝ። ቤት እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩሽ። አሁን ልመልስልሽ።

ዝናቡ ከበራችን ይወስደዋል፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ወዴት? የሰፈራችን ቦይ ሁሉ ቁልቁል ቀሃ ወንዝ ነው የሚገባው። ቀሃ የመገጭን ወንዝ ይቀላቀላል፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። እስከዚያ ልብስ የሚያጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ ጎመን የሚያለማው ብዙ ነው። ጥር 11 ዘላችሁ የምትገቡበት የፋሲል መዋኛ ራሱ የሚሞላው ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ነው።

«የላምስ እበት?» ትይኝ ይሆናል። እበቱን ኩበት አድርገን እናነደዋለን፣ ለማሳም ፍግ ይሆናል። የውሻው ግን ለምንም አይሆንም። ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለበት፤ የወስፋት ዓይነት ትል እንቁላልም ይኖረዋል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ወራት፣ ሲብስም ዓመታት ይቆያል። አፈር ላይ የሚጫወቱት ደግሞ የጎረቤት ሕፃናት ናቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የበዓል ለት ነው። በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል አይደል? ሰዉ «ለውሻ» ብሎ ይወረውረዋል። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትንንሽ ትሎች ያድጋሉ። እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣርና ውሃ ላይ ያርፋል። ከዚያ በጉንም ሰውንም ይይዛል። በሰው ጉበት ላይ ያ ከረጢት ካደገ ብዙ ጊዜ መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አጥልቄ ነው የምቀብረው። የትል መድኃኒቱንም በየ3 ወሩ አሰጠዋለሁ።

ጣናን ያጎሳቆለው የኛ ቡቺ ነው አልልሽም። የእርሻው ማዳበሪያና የከተማው ፍሳሽ ይበልጣል፤ ሐይቁ ላይ ያለውን የእምቦጭ አረም የሚያሰባውም በዋናነት እሱ ነው። ግን በማዳበሪያው ላይ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? በቡቺ ላይ ግን አለኝ።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። ግቢ ውስጥ በትንሿ አካፋ አፍሼ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ውጭ ስንወጣ ፌስታል እይዛለሁ። ጎረቤቶች ፌስታሉን እያዩ «ጋሼ፣ ምን ሸምተው ነው?» ይሉኛል። አንዱማ ልይ ብሎ ከፍቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይጠይቀኝም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ለእረፍት ስትመጪ ተረኛዋ አንቺ ነሽ፤ አካፋዋ ከበሩ ጀርባ ናት።

አባትሽ
ጎንደር