የልጆችን አትክልት ስለ መመዘን ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

መራዊ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

 ይህን የጻፍሁት ልጆቻችሁ በምሳ የሚበሉትን አትክልት በትምህርት ቤት ልንመዝን ስለሆነ ነው።

የልጆች ደም ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ከማንም ልጅ ደም አይወሰድም። ወሬው የተነሣው የሳይንስ መምህሩ በውጭ አገር የጣትን ቆዳ በብርሃን አይቶ ልጁ ምን ያህል አትክልት እንደሚበላ የሚገምት መሣሪያ መኖሩን በክፍል ስለ ተናገሩ ነው፤ የካሮትና የጎመን ቀለም ቆዳ ውስጥ ይጠራቀማልና። ያ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። ያለን የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ለ10 የትምህርት ቀናት አትክልቱን በትንሽ ዕቃ ለይታችሁ ትልካላችሁ፤ ከምሳ በፊት እንመዝናለን፣ የተረፈውን እንመዝናለን፣ ልዩነቱ የተበላው ነው። ወጥ ውስጥ የሟሟ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመልጠናል፤ ይህን ጉድለት አውቃለሁ።

«ልጆቹን ብትጠይቋቸው አይበቃም?» ትሉኛላችሁ። ባለፈው ዓመት ጠይቀናል። ልጅ ትናንት የበላውን ይረሳል፣ ወይም መምህሩን ደስ የሚያሰኘውን ይናገራል። «ጎመን በላሁ» ያለኝን ልጅ ጎመን ሳይነካ ምሳ ዕቃው ጥግ ላይ አግኝቼዋለሁ።

«ልጄ ድንች ይበላል» የምትሉ አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 350 ግራም፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ሲመክር ድንችን አይቆጥርም። «በጾም ከአትክልት ሌላ ምን ይበላል?» ለምትሉም፣ ሽሮና ምስር ጥራጥሬ ናቸው። ረቡዕና ዓርብም የምንመዝነው ስለዚህ ነው።

«ድህነታችንን ልትመዝኑ ነው» የሚለው ቅሬታ ግን ከሁሉም ይከብደኛል። እኔም ምሳ ሳልይዝ የተማርሁ ነኝ። ስም አይጻፍም፤ እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ይሰጠዋል። ዕቃውን የምንከፍተው እኔና የሳይንስ መምህሩ በቢሮዬ ነው፤ ሌላ ተማሪ አያይም። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ሦስት ጊዜ በስብሰባ ተናግሬአለሁ፤ አራተኛም እናገራለሁ።

«ትምህርት ቤት ፊደል ያስተምር፣ ጎመኑን ለእኛ ይተው» ማለታችሁ አይቀርም። ማንንም ብሉ ብለን አናስገድድም። ከቆጋ መስኖ የሚወጣው ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት በጭነት መኪና በደጃችን ሲያልፍ በየቀኑ እናያለን፤ ከዚያ ውስጥ ልጆቻችን ምን ያህሉን እንደሚቀምሱ ግን እኔም እናንተም አናውቅም። ከግቢያችን ጀርባ ባለው መሬት ምን እንደምንተክል የምንወስነው ውጤቱን አይተን ነው፤ ልጆቹ የማይነኩትን ቀይ ሥር ተክዬ ውኃ ማባከን አልፈልግም።

የልጁ አትክልት እንዲመዘን የማይፈልግ ወላጅ እስከ ዓርብ በክፍል ኃላፊው በኩል አጭር ማስታወሻ ይላክልኝ፤ ልጁ እንደ ወትሮው ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። መልስ ያልላከውን ወላጅ ዝምታ እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም፤ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ