ለደንበኞቻችን፦ የመሪውን ዘንግ ከማስቆረጣችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በፖቶማክ ወንዝና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ትንንሽ የሸራ ጀልባ ካላችሁ ደንበኞቻችን በየጊዜው የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮክፒቱ ጠበበን፤ የመሪውን ዘንግ ቁረጡልን።» ኮክፒቱ ከኋላ በኩል የምንቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ዘንጉ ደግሞ መሪውን በእጅ የምናዞርበት ረጅም እንጨት ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። እንደ ካታሊና 22 ባለ ጀልባ ላይ አራት ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዘንጉ መሀል ለመሀል ተጋድሞ የሁሉንም ጉልበት ይነካል። ወደብ ላይ ታስሮም ቢሆን ማለፊያ ይከለክላል። መቁረጥ ግን መመለሻ የሌለው ሥራ ስለሆነ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አንመክረውም። ዘንጉ ወደ ላይ እንዲታጠፍ ማድረግ አብዛኛውን ችግር ይፈታል።

ዘንጉ ሲያጥር ምን እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሚቆጠረው ርዝመት የመሪው ክንፍ (ውኃ ውስጥ ገብቶ ጀልባውን የሚያዞረው ጠፍጣፋ ክፍል) ከሚዞርበት ማጠፊያ እስከ እጃችሁ ያለው ነው። ይህ ከ42 ኢንች ወደ 32 ኢንች ቢወርድ፣ ያንኑ ክንፍ ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት በ31 በመቶ ይጨምራል። ለስላሳ ነፋስ ላይ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ነፋሱ በርትቶ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ሲፈልግ ግን ክንዳችሁ ይዝላል። ማራዘሚያ እጀታ እናስገባለን ብላችሁ ይህን ችላ እንዳትሉት። ማራዘሚያው የሚገጠመው ዘንጉ ጫፍ ላይ በመሆኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ እንድትደርሱበት ያደርጋል እንጂ ጉልበት አይጨምርላችሁም።

የሚታጠፈውን ዘንግ የምንሠራው እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ጀልባዎች ዘንጉ በሁለት የብረት ላሜራዎች መካከል ገብቶ የፊትና የኋላ ሆነው በሁለት ብሎኖች ይታሰራል። የፊተኛውን ብሎን አውጥተን የኋለኛውን ማጠፊያ እናደርገዋለን። ማዕዘን የሆነው የዘንጉ የኋላ ጫፍ በዚህ ሁኔታ ሲነሳ ከኋላው ካለው ብረት ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ብሎኑን መሀል አድርገን በግማሽ ክብ እንቀርጸዋለን። ዘንጉ 2 ኢንች ቁመት ካለው የክቡ ራዲየስ 1 ኢንች ይሆናል ማለት ነው።

ቀዳዳውን በቀጥታ እንጨቱ ላይ መተው ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው። እንጨቱ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይፋቃል፣ ቀዳዳው ይሞላልላል፣ ከዚያ መሪው ላላ ብሎ ጀልባው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። እኛ ቀዳዳውን በ5/8 ኢንች ፑንታ አስፍተን በተወፈረ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) እንሞላለን። ከደረቀ በኋላ መሀሉን በ1/2 ኢንች በስተን፣ ውስጡ 3/8 ኢንች የሆነ የነሐስ ቡሽ (ብሎኑ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦ) እናስገባለን። ኢፖክሲው እንጨቱን ከውኃም ይጠብቀዋል። ብሎኑ 316 የማይዝግ ብረት፣ ቡሽ ውስጥ የሚገባው ክፍሉም ጥርስ የሌለው ለስላሳ መሆን አለበት፤ እስከ ጭንቅላቱ ጥርስ ያለው ብሎን ቡሹን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በግራና በቀኝ 1/16 ኢንች ውፍረት ያላቸው የናይለን ሮንዴላዎች ይገባሉ። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን፤ ክፍተቱ እስኪጠፋ አጥብቃችሁ ሩብ ዙር መልሱት።

የፊተኛው ብሎን ሲወጣ ዘንጉ የሚያርፍበት ያጣል። አንዳንድ ሠራተኞች ከዘንጉ ሥር ቦይ ቆርጠው እዚያው ብሎን ላይ ያሳርፉታል። እኛ አንሠራውም፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እንጨቱ በጣም ከሚጨነቅበት ከዚያ ቦታ ነውና። በምትኩ ላሜራዎቹን በፊት ጫፋቸው ከሥር የሚያገናኝ ትንሽ የማይዝግ ብረት ድልድይ በይደን ጎማ እናለብሰዋለን። የጎን ኃይሉን የሚሸከሙት ላሜራዎቹ በመሆናቸው ዘንጉን ቢያንስ 5 ኢንች ያህል ማቀፍ አለባቸው። ከዚያ ካነሱ ሥራውን የምንጀምረው ላሜራዎቹን በመቀየር ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከጀልባው ጋር የምትለማመዱት አንድ አዲስ ነገር አለ። ዘንጉ ተጋድሞ ሳለ ከመቀመጫዎቹ ጋር እየተጋጨ የክንፉን ዙር ይገድብ ነበር፤ ሲነሳ ወይም ሲያጥር ያ ገደብ ይጠፋል። ሞተራችሁ የኋላ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ የክንፉ ጠርዝ ፕሮፔለሩን ሊነካ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወደ ውኃ ወርዶ ሳለ ክንፉን በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩት። የሚነካ ከሆነ ማቆሚያ እንገጥማለን። ከ35 ዲግሪ በላይ የዞረ ክንፍ በአብዛኛው ጀልባውን ከማዞር ይልቅ ስለሚያቆመው በማቆሚያው የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

በሸራ እየሄዳችሁ ዘንጉን አታንሱ። የዋናው ሸራ ገመድ ከኋላ ግድግዳው በሚነሳበት ጀልባ ላይ ገመዱ ከቆመው ዘንግ ጋር ይጠላለፋል፤ የሸራው አግዳሚም ሊመታው ይችላል። ወደብ ላይ ግን አንስታችሁ በላስቲክ ገመድ ከኋለኛው የምሰሶ ሽቦ ጋር እሰሩት። ካልታሰረ ሞገዱ ክንፉን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋው የክንፉ ማጠፊያዎች ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ቦታ ካጠራችሁ መቁረጥን እንነጋገርበት። አስቀድማችሁ ግን መሪው ለምን እንደሚከብድ እዩ። ተነሺ (ወደ ላይ የሚታጠፍ) ክንፍ ካላችሁ እስከ ታች መውረዱን አረጋግጡ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ክንፍ መሪውን በጣም ያከብደዋል። ነፋስ ሲበረታ ዋናውን ሸራ ማሳነስም እንዲሁ ይረዳል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ4 ኢንች በላይ አንቆርጥም። የተቆረጠውን ጫፍ በኢፖክሲ አሽገን ቫርኒሽ እንቀባዋለን።

ለማዘዝ የምትፈልጉ በላሜራዎቹ መካከል ያለውን ስፋት፣ የዘንጉን ቁመት፣ ላሜራዎቹ ዘንጉን የሚያቅፉበትን ርዝመትና የብሎኑን ውፍረት ለክታችሁ፣ ከጎንና ከላይ ከተነሱ ሁለት ፎቶዎች ጋር ላኩልን። ዘንጉን ብቻ ፈትታችሁ ብታመጡ አይበቃንም፤ የክንፉን የላይኛ ክፍል ከነላሜራው አምጡት።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ