ባቡሩ እስኪመጣ በሰዓቱ የሚነሳ አውቶቡስ ስጡን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደምደርስ ግን አንድም ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ትናንት ከሥራ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አስገባን፤ አራት ወንበር ባዶ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። አጠገቤ የታመመ ልጇን ደሴ ሐኪም ቤት የምታደርስ እናት ነበረች፤ ግንባሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በሩን በሩን ታያለች። መንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ተራራ ደግሞ ጉሙና የከባድ መኪናው ሰልፍ ጠበቀን።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር እንዴት ደስ ብሎን ነበር! ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሷል፤ እኛ ግን አልተሳፈርንበትም። እስከዚያው ጠዋትና ማታ፣ ሲሞላ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ አውቶቡስ ይመደብልን።

ከደሴ ነዋሪ